ለወፍ ዓይን የተቀባ ቀለም

በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቴኔሲና ሰሜን ካሮላይና በሚዋሰኑበት ቦታ፣ ጭጋግ የማይለያቸው ግሬት ስሞኪ የተባሉ ተራሮች አሉ። ከፍተኛው ጫፋቸው 2,025 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ ከዚያ ትበልጣለች። ዝናቡ ግን በአናታቸው ላይ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር ያልፋል። እዚያ የወደቀ ግንድ ቶሎ አይደርቅም፤ ከሥሩ ያለው የረገፈ ቅጠልም እንደራሰ ይከርማል። ያንን ቅጠል ቀስ ብሎ የገለጠ ሰው ገላው ጥቁር ግራጫ፣ ጉንጩ ግን ደማቅ ቀይ የሆነ፣ ጅራተ ረጅም እንስሳ ሊያገኝ ይችላል። ጥቂት እልፍ ብሎ፣ ምንጭ አጠገብ ካለ እርጥብ ድንጋይ ሥር፣ እንደገና ቀይ ጉንጭ ሊያይ ይችላል። ሁለተኛው ግን ያው እንስሳ አይደለም። አነስ ይላል፤ የኋላ እግሮቹ ከፊተኞቹ ይወፍራሉ፤ ሲነኩት ተስፈንጥሮ ይሸሻል። የመጀመሪያው እንቁላሉን በየብስ ጥሎ ልጆቹ የወላጆቻቸውን መልክ ይዘው ይፈለፈላሉ፤ የሁለተኛው ልጆች ግን መጀመሪያ በውሃ ውስጥ በስንጥብ እየተነፈሱ ያድጋሉ። የጋራ አያታቸው ሚሊዮኖች ዓመታት ወደ ኋላ የሚርቅ ሁለት ፍጥረታት በአንድ ተራራ ላይ አንድ ዓይነት ጉንጭ ይዘው ይኖራሉ።

ሁለቱም ሳላማንደር ናቸው። ይህ እንስሳ በአገራችን ስለሌለ ጥቂት ላስተዋውቀው። ከሩቅ ላየው እንሽላሊት ይመስላል፤ ቅርፊት ግን የለውም፤ ቆዳው ለስላሳና እርጥብ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም እንቁራሪት ነው። በአፍሪካ ሳላማንደር የሚገኘው ከሰሃራ በስተሰሜን፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። የባሌና የሰሜን ተራሮች እንቁራሪት እንጂ ሳላማንደር አልደረሳቸውም። ግሬት ስሞኪን የሚያካትቱት የአፓላቺያ ተራሮች በአንጻሩ ከዓለም በሳላማንደር ዓይነት ከበለጸጉት ቦታዎች አንዱ ናቸው፤ በግሬት ስሞኪ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ብቻ 30 ያህል ዝርያዎች ይኖራሉ።

በእነዚህ ተራሮች ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ሳላማንደሮች ሳንባ የላቸውም። አየር የሚያስገቡት በቆዳቸውና በአፋቸው ውስጠኛ ሽፋን በኩል ነው። ቆዳው ከደረቀ እንስሳው ታፍኖ ይሞታል፤ ስለዚህ ቀኑን ከቅጠልና ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ያሳልፍና ጤዛ ሲወርድ፣ ማታ፣ ይወጣል። በዚያው ቆዳ ውስጥ ዝልግልግና መራራ ፈሳሽ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። ቀለሙም እዚያው ነው፤ ከላይ ቢጫና ቀይ የያዙ ሕዋሳት፣ ከእነሱ በታች ብርሃን የሚያንጸባርቁ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ጥቁር ቀለም ያዘሉ ሕዋሳት ተደራርበዋል። የየሽፋኑ መጠን ጥቂት ሲለዋወጥ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ነሐስ መሳይ፣ ሌላው ደግሞ ድፍን ጥቁር ይሆናል። በሙዚየም ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ሳላማንደር ይህን አያሳይም፤ ማቆያው ፈሳሽ ቀዩን ያጠፋዋል። ስለ ቀለም የሚደረግ ማንኛውም ምርመራ በሕይወት ያለውን እንስሳ፣ በራሱ ደን ውስጥ፣ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አንድ ጥያቄ ወዲያው ይነሳል። ማታ ለሚንቀሳቀስ፣ ቀን ለሚሸሸግ እንስሳ ቀይ ጉንጭ ምን ይሠራለታል? እባብ የሚያድነውን የሚያገኘው በአብዛኛው በማሽተት ነው፤ በሌሊት የሚያድኑ አጥቢዎችም ቀለም የመለየት ችሎታቸው ደካማ ነው። በደኑ ወለል ላይ ቀንን ሙሉ ቅጠል እየገለበጡ ምግብ የሚፈልጉት ወፎች ናቸው፤ ወፍ ደግሞ ቀለምን ከሰው አብልጦ ይለያል። ሳላማንደሩ በተኛበት ቅጠሉ ድንገት ሲገለጥ፣ ምንቃር ከመሰንዘሩ በፊት ያለችው ቅጽበት ዕጣውን ትወስናለች። ቀዩ የተቀባው ለዚያች ቅጽበት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንባቢውም በዚህ ምዕራፍ የሚመጣውን ሁሉ በወፍ ዓይን እንዲያየው እፈልጋለሁ።

ትልቁ ባለ ቀይ ጉንጭ ፕሌቶዶን ጆርዳኒ ይባላል። በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን ከግሬት ስሞኪ ተራሮች ውጭ በዓለም የትም አይገኝም። ሲያዝ ከጅራቱ የሚወጣው ፈሳሽ አፍ የሚያጣብቅ፣ ጣዕሙም የሚያስመርር ነው። አንድ ጊዜ የቀመሰው ወፍ ቀዩን ጉንጭ ከዚያ ክፉ ጣዕም ጋር አያይዞ ያስታውሰዋል። ትንሹን በ1927 የመዘገበው ኤሜት ሪድ ደን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፤ የሰጠውም ስም፣ ኢሚቴተር፣ አስመሳይ ማለት ነው። ይህ እንስሳ ለረጅም ጊዜ የሌላ ዝርያ የቀለም ልዩነት ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ በማያሻማ መንገድ የታወቀው በ1978 ስቲቨን ቲሊና ባልደረቦቹ የፕሮቲኖቹን ልዩነት መርምረው ሲያበቁ ነው። የእሱ ቆዳ ያን ያህል የሚያስመርር ነገር የለውም። ሲበሉት የሚበላ ነው፤ ያለው መከላከያ ጉንጩ ብቻ ነው።

ይህን ዓይነቱን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርቶ ያስረዳው እንግሊዛዊው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ነው። በአማዞን ደን 11 ዓመት ቢራቢሮ ሲሰበስብ ኖሮ በ1862 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለወፍ የሚጣፍጡ ቢራቢሮዎች መርዛማዎቹን መስለው እንደሚያመልጡ አሳየ። ከ16 ዓመት በኋላ በብራዚል ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ፍሪትስ ሙለር ሌላ ገጽታ ጨመረበት፤ ሁለት መርዛማ ፍጥረታትም እርስ በርስ መመሳሰላቸው ይጠቅማቸዋል፤ ወፏን የማስተማሩን ዋጋ ይካፈሉታልና። ነገሩ ከእኛም አገር ሩቅ አይደለም። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የተባለው ትልቅ ቢራቢሮ በብዙው የአፍሪካ ክፍል ሴቷ የወንዱን ቢጫ ቀለምና ጅራት ትታ መርዛማ ቢራቢሮዎችን ትመስላለች። በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖረው ንዑስ ዝርያ ግን ብዙዎቹ ሴቶቹ ወንዱን እንደመሰሉ የቀሩ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ጅራታቸውን ሳይጥሉ የመርዛማዎቹን ቀለም ለብሰዋል። የአስመሳይነትን ጉዞ በመንገድ ላይ ሳለ ማየት የሚሻ ተመራማሪ ይህን የኛን ቢራቢሮ ሳይጠቅስ አያልፍም።

ወደ ስሞኪ እንመለስ። መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት እንስሳት በአጋጣሚም ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ኤድመንድ ብሮዲ እና ሮናልድ ሃዋርድ በ1973 ባሳተሙት ጥናት ጥያቄውን ለወፎች አቀረቡ። ወፎቹ ባለ መራራውን ቀይ ጉንጭ እንዲያውቁት ከተደረገ በኋላ፣ የሚበላውን ባለ ቀይ ጉንጭና ጉንጩ ቀይ ያልሆነውን ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ታየ፤ ውጤቱም የማስመሰሉን ሐሳብ ደገፈ። ለእኔ ግን ከሙከራው ይልቅ የሚያሳምነኝ ካርታው ነው። ከስሞኪ በስተደቡብ ምዕራብ ናንታሃላ የተባሉ ተራሮች አሉ። እዚያ የቀይ ጉንጩ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ሳላማንደር ይኖራል፤ ፕሌቶዶን ሸርማኒ ይባላል፤ ጉንጩ ግራጫ ሆኖ ቀይ የሆኑት እግሮቹ ናቸው። በእነዚያው ተራሮች ላይ ከሚኖሩት ትናንሽ፣ የሚበሉ ሳላማንደሮች መካከል እግራቸው የቀላ ይገኛሉ። ባለ መራራው ጉንጩ ሲቀላ የጎረቤቱ ጉንጭ ይቀላል፤ ባለ መራራው እግሩ ሲቀላ የጎረቤቱ እግር ይቀላል። አጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል አገር እየለየ አይከተልም።

ያም ሆኖ አስመሳዮቹ ሁሉ ቀይ አይደሉም። በአንድ ምንጭ ዳር ጉንጩ የቀላ፣ ጉንጩ ቢጫ የሆነ፣ ምንም ምልክት የሌለውም አብረው ይገኛሉ፤ ምልክት የሌላቸውም ጥቂት አይደሉም። ቀዩ ሕይወት የሚያድን ከሆነ ሁሉም ለምን አልቀሉም? በአዲስ አበባ ብዙ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፎ ይታያል። ውሻ የሌለው ቤትም ይህን ጽፎ ሌባ ሊያርቅ ይችላል፤ ይህ የሚሠራው ግን በሰፈሩ እውነተኛ ተናካሽ ውሻ ያላቸው ቤቶች እስከበዙ ድረስ ነው። ወፍም እንዲሁ ነው። ቀይ ጉንጭ ባገኘ ቁጥር መራራ ከቀመሰ ይሸሻል፤ ደጋግሞ ጣፋጭ ካገኘበት ግን ቀዩ ማስፈራሪያነቱ ቀርቶ የምግብ ምልክት ይሆናል። አስመሳዩ በበዛ ቁጥር የራሱን ጥቅም ይሸረሽራል። በተጨማሪም ቀዩ ያላወቀውን ወፍ ዓይን ይስባል፤ ገና ምንም ያልቀመሰ ጫጩት ዘንድ ግራጫው ሳይታይ ሲያመልጥ ቀዩ ይለቀማል። ስለዚህ ሁለቱም መልኮች በአንድ ቦታ አብረው ሊቆዩ ይችላሉ።

ከተራሮቹ ወደ ሰሜን ያለው ደን ሌላ አስተማሪ አለው። ምሥራቃዊ ኒውት የሚባለው ሳላማንደር ሕይወቱን በኩሬ ይጀምራል። ከዚያ ስንጥቡን ጥሎ ወደ ደን ይወጣና ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት በየብስ ይኖራል፤ በዚህ ዘመኑ መላ ገላው ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ ነው። ሲጎለምስ እንደገና ወደ ውሃ ተመልሶ የወይራ አረንጓዴ ይሆናል። በአንድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ቀለም የሚለብስበት ምክንያት በቆዳው ውስጥ ካለው መርዝ ጋር የተያያዘ ነው። መርዙ ቴትሮዶቶክሲን ይባላል፤ ፉጉ የተባለውን የጃፓን ዓሣ አደገኛ ያደረገው ያው መርዝ ነው። ብሮዲ በ1960ዎቹ እንዳሳየው በቀዩ የየብስ ዘመን የቆዳው መርዛማነት በውሃ ከሚኖረው ጎልማሳ አሥር እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህ እንስሳ ከዝናብ በኋላ በጠራራ ቀን፣ በሰው መንገድ ላይ፣ ሳይቸኩል ሲራመድ ይታያል። ሌሎቹ ሳላማንደሮች የማይደፍሩትን ሰዓት እሱ የሚደፍረው በመርዙ ተማምኖ ነው። ሲያስፈራሩት አንገቱንና ጅራቱን ወደ ላይ ቀልብሶ ደማቅ ሆዱን ያሳያል።

በእሱ ዙሪያ የተሰባሰቡት መሳዮች ብዙ ናቸው። ቀይ ሳላማንደር የሚባለው ሱዶትሪቶን ሩበር ከኒውቱ በቁመት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ በወጣትነቱ ግን በቀይ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ በጣም የሚመሳሰል ነው። ብሮዲና ሃዋርድ በ1972 እንደጻፉት፣ ሲያስፈራሩት የሚያሳየው አኳኋንም የኒውቱን ይመስላል። መጀመሪያ ይህ እንስሳ መርዝ የሌለው ንጹህ አስመሳይ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ የቆዳው ፈሳሽ ሲመረመር እሱም የራሱ መርዝ እንዳለው ታወቀ። ስለዚህ ቤትስ ከገለጸው አስመሳይ ይልቅ ሙለር ወደገለጸው የመርዛማዎች ኅብረት ይጠጋል። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገርመኝ ሁለቱን ዓይነቶች የሚለየው መስመር ቀጭን መሆኑ ነው፤ አንዱ አስመሳይ ነው የተባለው በመልኩ ሲሆን፣ ባልንጀራ የሆነው ቆዳው ሲቀመስ ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ትንሹን ቀይ ጀርባ ሳላማንደር ነው። በምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ደኖች እጅግ የበዛ ነው። በኒው ሃምፕሸር ሃባርድ ብሩክ ደን በ1975 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ ደን ያሉት ሳላማንደሮች፣ አብዛኞቹ ይህ ዝርያ ሲሆኑ፣ በአንድ ላይ ቢመዘኑ ወፎች እጅግ በሚበዙበት የመራቢያ ወቅት እንኳ የወፎቹን ክብደት እጥፍ ያህል ይሆናሉ። ማንም የማያየው፣ የማይጮኽ እንስሳ ደኑን በክብደት እንዲህ ይዞታል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን በቤታቸው አቅራቢያ ባለ ጫካ ከወደቀ ግንድ ሥር ሊያገኙት ይችላሉ። ከዋሽንግተን ከሁለት ሰዓት በማይበልጥ ጉዞ የሚደረስበት የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በሦስት ተራራ ጫፎች ላይ ብቻ የሚኖር የቅርብ ዘመዱ አለው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እንስሳውን ግን በደረቅ እጅ አትንኩት፤ ግንዱንም እንደነበረ መልሱት።

ቀይ ጀርባው በዋናነት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ጀርባው ላይ ከአንገት እስከ ጅራት የሚዘልቅ ቀይ መስመር አለው፤ ሌላው መስመር የለሽ፣ እርሳስ መሳይ ጥቁር ግራጫ ነው። ከአንድ እናት እንቁላሎች ሁለቱም ሊፈለፈሉ ይችላሉ። በቴኔሲ ቤንጃሚን ፊትዝፓትሪክና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት ሙከራ ሁለቱ መልኮች አብረው የሚቆዩበትን አንድ ምክንያት ገልጧል። መስመር ያላቸውና የሌላቸው የውሸት ሳላማንደሮች ሠርተው፣ ምግብ አያይዘውባቸው፣ ለዱር ወፎች አስቀመጡ። ለተወሰኑ ቀናት አንደኛውን መልክ አበዝተው ካለማመዷቸው በኋላ ሁለቱን እኩል አድርገው አቀረቡ። ወፎቹ ቀድሞ የበዛውን መልክ አዘውትረው አጠቁ። ወፍ አንድን መልክ ከለመደ ዓይኑ እሱን መፈለግ ይጀምራል፤ ብርቅ የሆነው ይታለፋል። ብርቁ ሲተርፍ ይበዛል፤ ሲበዛ ደግሞ ተራው የእሱ ይሆናል።

በአንዳንድ የሰሜን ምሥራቅ አካባቢዎች ሦስተኛ መልክ ይታያል፤ መላ ገላው ቀይ የሆነ። ይህ እንስሳ መርዝ የለውም፤ ቀዩን ኒውት ግን በጣም ይመስላል። በ1980 ኤድመንድ ብሮዲና ያኔ ገና ወጣት የነበረው ስሙን የወረሰ ልጁ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አጭር ጽሑፍ አወጡ። ለዱር ወፎች፣ በነጻነት በሚመገቡበት ቦታ፣ ቀዩንና የተለመደውን መልክ አቅርበው ነበር፤ ወፎቹ ቀዩን ሸሹት። ያ ልጅ በኋላ ራሱ ታዋቂ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ሆነ፤ አባትና ልጅ ለአሥርት ዓመታት የኒውትን መርዝና መርዙን የተላመደውን እባብ አብረው አጠኑ።

የመጨረሻው ጉዳያችን በአሜሪካ ሌላኛው ጫፍ፣ በካሊፎርኒያ ነው። ኤንሳቲና የተባለው ሳላማንደር ሰባት ንዑስ ዝርያዎች አሉት፤ ሰፊውን የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ከብበው በተራሮች ላይ ይኖራሉ። ሮበርት ስቴቢንስ በ1949 ባሳተመው ጥናት፣ ከሰሜን የመጣው የአያታቸው ዘር በሸለቆው ግራና ቀኝ ተከፍሎ ወደ ደቡብ እንደተስፋፋ አስረዳ። በውስጠኛው የሲየራ ኔቫዳ ተራራ የወረዱት ትላልቅ ብርቱካናማ ነቁጥ በጥቁር ላይ የተለጠፈባቸው ሆኑ፤ የእንስሳውን ቅርጽ የሚሰባብረው ይህ ነቁጥ በቅጠልና በጥላ መካከል ይሰውረዋል። በባሕር ዳርቻው የወረዱት ደግሞ ባለ አንድ ወጥ ቀለም ሆኑ። ሁለቱ ወገኖች በደቡብ ካሊፎርኒያ እንደገና ሲገናኙ የሚዳቀሉት እምብዛም ነው።

ከባሕር ዳርቻዎቹ መካከል በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የሚኖረው ልዩ ነው። ሆዱ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ በዓይኑ ላይም ቢጫ ምልክት አለው። በዚያው ደን የሚኖረው የፓስፊክ ኒውት ሆዱ ብርቱካናማ ሲሆን የዓይኑ ብሌን ዙሪያም ቢጫ ነው። ይህ ኒውት በሰሜን አሜሪካ ከሚታወቁት ሁሉ እጅግ መርዛማ ከሆኑት እንስሳት አንዱ ነው፤ በ1979 በኦሪገን አንድ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ተወራርዶ አንዱን ውጦ ሞቷል። ሾን ኩክታ በ2005 ባሳተመው ጥናት ከሸክላ የተሠሩ ሳላማንደሮች በደን ወለል ላይ አስቀመጠ፤ የማስጠንቀቂያ ቀለም የተቀቡት ባነሰ መጠን ተነከሱ። በ2008 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ ጄይ ለተባሉ ወፎች መጀመሪያ ኒውት አሳዩ፤ ቀጥለው ባለ ቢጫ ዓይኑን ወይም ምልክት የለሹን ኤንሳቲና አቀረቡ። ወፎቹ ባለ ቢጫ ዓይኑ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ አመነቱ። ለሳላማንደር ያቺ ማመንታት ከቅጠል ሥር ገብቶ ለመትረፍ ትበቃለች።

ይህ ባለ ቢጫ ዓይን በጥንት ጊዜ ማዕከላዊውን ሸለቆ ተሻግሮ በሲየራ ኔቫዳ ግርጌም ሰፍሯል። እዚያ ከባለ ነቁጡ ጋር ይገናኛል፤ ይዳቀላሉም። የተዳቀሉት የሚታዩት ግን በጠባብ ቀጠና ብቻ ሲሆን በ2005 የታተመ የዘረመል ጥናት በእነሱ ላይ ብርቱ የተፈጥሮ ምርጫ እንዳለ አሳይቷል። አንዱ ሊታሰብ የሚችል ምክንያት ቀለማቸው ነው። አባቱ ለመሸሸግ ተቀብቷል፤ እናቱ ለመታየት ተቀብታለች። ልጁ ነቁጡ ስለደበዘዘ በቅጠሉ መካከል አይሰወርም፤ ብርቱካናማውም ስለፈዘዘ ወፏ ኒውቱን አታስታውስበትም። በዚያ ግርጌ ቅጠል የምትገለብጥ ጄይ፣ በእያንዳንዱ ምርጫዋ፣ ሁለቱ ወገኖች አንድ ዝርያ ሆነው እንዳይቀላቀሉ እያደረገች ሊሆን ይችላል።